ዓይን አፋር ልጆቻችን ደረጃ በደረጃ ይናገሩ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የክፍል ፕረዘንቴሽን አመዛዘን እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ቧንቧ ውሃ አካባቢ የምኖር እናት ነኝ። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ልጄ አሳይመንቷን በገዛ እጇ ጽፋ፣ ማታ ለእኔና ለታናሾቿ አንድም ሳታዛንፍ አስረዳችን። በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ስትቆም ድምጿ ጠፋ፤ ልጆች ሳቁ፤ «ተቀመጪ» ተባለች፤ ማርኳም ዜሮ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፕረዘንቴሽን ባለ ቀን ሆዷን ያማታል።

እኛ ወሎዬዎች ልጅን ትልቅ ሰው ፊት እንዳይናገር፣ ዓይኑን ሰበር እንዲያደርግ አድርገን ነው የምናሳድገው። ቡና አቅርባ ጥጓን የምትይዘውን «የጨዋ ልጅ» ብለን እንመርቃታለን። ያው ጠባይዋ ክፍል ስትገባ ማርክ ያስቀንሳታል። ቤት ያስተማርናትን ትምህርት ቤት በአንድ ቀን እንድትጥለው መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በቡድን ሥራም ዝምተኛዋ ትጽፋለች፣ ደፋሩ ያቀርባል። «ያልገባው አለ?» ሲባል እጇን አታነሣም፤ የቤት ሥራው ሳይገባት ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። 9ኛ ክፍል ስትደርስ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ፍርሃቷ እጥፍ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ገና ፊደል ይቆጥሩ የነበሩ ልጆችም አሉ። የእነርሱ ዝምታ ዓይን አፋርነት ብቻ ላይሆን ይችላልና ቀረብ ብሎ የሚያያቸው ሰው ይሻሉ።

መፍትሔው ከአገራችን የራቀ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ አስቀድሞ ለመምህሩ ይነግራል፤ ጉባኤ ፊት የሚቆመው ከታረመለት በኋላ ነው። በቁርኣን ቤትም ልጁ ሉሁን ይዞ ሸኹ ፊት ቁጭ ይልና የተጻፈበትን ለብቻው ያነባል፤ ሲያውቀው ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ሁለቱም መጀመሪያ የሚያሰሙት ለአንድ ሰው፣ ያውም ለሚያርማቸው ሰው ነው።

የእኛም ልጆች እንዲሁ ቢጀምሩ ምን አለ? መጀመሪያ በእረፍት ሰዓት ለመምህሩ ብቻ፣ ቀጥሎ ለሁለት ሦስት ጓደኞች፣ በመጨረሻ ለክፍሉ ያቅርቡ። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም ይረዳል፤ ማይክሮፎኑ ያለበት ክፍል ውስጥ ሆኖ ጽሑፍ የሚያነብ ልጅ ድምፁ ይሰማል እንጂ ፊቱን የሚያይ የለም። የይዘቱ ማርክ ከአቀራረቡ ማርክ ይለይ፤ የምታውቅ ልጅ ስለፈራች ብቻ ዜሮ አይሰጣት። በሚያቀርብ ልጅ ላይ መሳቅም በክፍሉ ደንብ ይከልከል። እኛ ወላጆች በበኩላችን ቤት ውስጥ እናለማምዳቸዋለን፤ እንግዳ ሲመጣም «ዝም በሉ» ማለቱን ትተን እናጫውታቸዋለን።

መምህራኑ የተማሪው ብዛት ጊዜ እንደሚነሣቸው አውቃለሁ። ስለዚህ ለሁሉም ተማሪ ሳይሆን፣ ሲቆሙ ድምፃቸው ለሚጠፋባቸው ጥቂቶች ብቻ ነው የምጠይቀው። መምሪያው ከሚቀጥለው ሴሚስተር በፊት ይህን የሚፈቅድ አጭር መመሪያ ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች እንዲያወርድልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የደሴ እናት