ማስክ፣ ኒቃብና የማዋለጃ ክፍል፦ ምጥ ላይ ላለች እናት ምን ይቅደም?



በኅዳር 2018 የጤና ሚኒስቴር በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱን ሲያረጋግጥ፣ ብዙዎቻችን ረስተነው የነበረው ማስክ እንደገና መነጋገሪያ ሆነ። ጂንካ ከደቡብ ጎንደር ሩቅ ነው። ጥያቄው ግን ሩቅ አይደለም። ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ከወገዳ፣ ከጋይንትና ከእስቴ ገጠሮች ተነስታ ለመውለድ ወደ ሕክምና የምትሄድ እናት በበሩ ላይ ምን ይጠብቃታል? እያማጠች ማስክ አድርጊ ትባላለች? ኒቃብ ለባሽ ከሆነችስ አውልቂ ትባላለች? በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሕክምናውም ከዲናችንም አንጻር እንመለከተዋለን።

መነሻችን 2012 ነው። በመጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መስጂዶቻችን ተዘጉ፤ የዚያን ዓመት ረመዳን ተራዊሕን በየቤታችን ሰገድን። አዋጁ ካበቃ በኋላ በ2013 የወጣው መመሪያ ቁጥር 30 ከቤት ውጭ ያለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ መንቀሳቀስን ከለከለ። ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና የተረጋገጠ የመተንፈሻ ችግር ያለባቸው ሰዎች ግን ከግዴታው ውጭ ነበሩ። የመመሪያውን መንፈስ ይዘን ካሰብን፣ ምጥ ላይ ያለች እናት ለእነዚህ ሰዎች ከተሰጠው ማቃለያ የራቀች አይደለችም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አልነበረም። በመጋቢት 2012 በኒውዮርክ የሚገኙ አንዳንድ ሆስፒታሎች ወላጅ እናት ባሏን እንኳ ይዛ እንዳትገባ ከልክለው ነበር። እናቶች ብቻቸውን ማማጥ ጀመሩ፤ ጩኸቱ ሲበዛ የግዛቲቱ አስተዳደር አንድ አጃቢ እንዲፈቀድ አዘዘ። በፈረንሳይም በምጥ ሰዓት ማስክ እንዲያደርጉ የተገደዱ ሴቶች አቤቱታ አሰሙ፤ በመጨረሻ ባለሥልጣናቱ ማስኩ ሊመከር እንጂ ሊገደዱበት እንደማይገባ ገለጹ። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ሌላ ትዝብት አለው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ፊትን በአደባባይ መሸፈንን በሕግ የከለከለችው ፈረንሳይ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አፍና አፍንጫውን ያልሸፈነውን መቅጣት ጀመረች። ፊት መሸፈን በራሱ ነውር አለመሆኑን ወረርሽኙ ለሁሉም አሳይቷል።

አሁን ወደ ሕክምናው እንግባ። በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ወሬ እናስተካክል። ማስክ የእናትየዋን አየር አሳጥቶ ፅንሱን ይጎዳል የሚባለው ትክክል አይደለም። የሕክምና ማስክ አየር ያስተላልፋል። ስለዚህ ስለ ፅንሱ ፈርታ ማስክ የምትሸሽ ነፍሰ ጡር ካለች አትፍራ።

ምጥ ግን እንደ ታክሲ ጉዞ ወይም እንደ ገበያ ውሎ አይደለም። የምታምጥ ሴት ታለከልካለች፣ ታልበዋለች፣ ብዙ ጊዜም ታስመልሳለች። በላብና በትንፋሽ የራሰ ማስክ ደግሞ ሥራውን በአግባቡ አይሠራም፤ ወዲያው መቀየር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ሰዎች ከባድ የአካል እንቅስቃሴ ሲሠሩ ማስክ እንዳያደርጉ መክሯል። ከምጥ የከበደ የአካል ሥራ ደግሞ የት ይገኛል? በምጡ መጀመሪያ ቁርጠቱ ፋታ ሲሰጣት፣ ወይም ከክፍል ወደ ክፍል ስትዘዋወር ማስክ ማድረግ ከባድ ላይሆን ይችላል። ልጁ ሊወጣ ሲል ግን ማስክሽን አስተካክዪ ማለት ሌላ ነገር ነው።

ይህን ስንል የአዋላጇን ነፍስ እንደ ቀላል አላየነውም። ለሰዓታት ከምታለከልክ ሴት ፊት ለፊት የምትቆመው እሷ ናት። እሷ ብትታመም ደግሞ በገጠር ጤና ጣቢያ የሚተካት ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ጥበቃው የሚጀምረው ከባለሙያዋ ነው፦ ጥሩ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ፣ ጓንት፣ ሽርጥ፣ የተከፈተ መስኮት፣ ውሃና ሳሙና። እነዚህ ሳይሟሉ ሸክሙን ሁሉ በምታምጠው ሴት ፊት ላይ መጫን የተቋሙን ጉድለት ለእናትየዋ ማስረከብ ነው። በሽታዎቹም አንድ አይደሉም። ኮቪድ በትንፋሽ ይዛመታል፤ ማርበርግ በዋናነት የሚተላለፈው በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ንክኪ ነው። ደም በማይጠፋበት ማዋለጃ ክፍል እንዲህ ያለውን በሽታ ለመከላከል ጓንትና ሙሉ የመከላከያ ልብስ ከእናትየዋ ማስክ እጅግ ይበልጣሉ።

በኮቪድ የተያዘች እናትን በተመለከተም የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግልጽ ነበር። የመረጠችው አጃቢ ከጎኗ እንዲሆን፣ ልጇን እንድታቅፍና እንድታጠባ፣ ስታጠባም ማስክ አድርጋ እጇን እንድትታጠብ መክሯል። ልጇን ነጥቆ መለየትን አልመከረም።

የኒቃብ ጉዳይ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ እህቶቻችን ኒቃብ ስለምንለብስ ማስክ አያስፈልገንም ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም። ኒቃብ ከሥሩ ክፍት ነው፤ ለሐያእ የተለበሰ እንጂ ትንፋሽን ለማጣራት የተሠራ አይደለም። በወረርሽኝ ጊዜ ማስኩን ከኒቃቡ ሥር ማድረግ ይቻላል፤ ዲኑም ገላዋም ይጠበቃል። አንዳንድ ባለሙያዎች በተራቸው ኒቃብን የግትርነት ምልክት አድርገው ሲመለከቱት እንሰማለን። ይህም ልክ አይደለም።

ባለሙያ የወላዷን ፊት ማየት የሚፈልግበት ምክንያት አለው። ደም የፈሰሳት ሴት ፊቷ ይገረጣል። የአየር እጥረት ከንፈርን ያጠቁራል። ድንገተኛ የፊት እብጠት ለሕይወት የሚያሰጋ የእርግዝና ደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። የተሸፈነ ፊት እነዚህን ምልክቶች ይደብቃል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። አዋላጇ ሴት ከሆነች ፊትን በሴቶች ፊት መግለጥ በሸሪዓችን ችግር የለበትም፤ የሚያስፈልገው መጋረጃና በሩን ሳያንኳኳ የማይገባ ሰው ብቻ ነው። ሴት ባለሙያ ከጠፋች ደግሞ ፉቀሃዎች የተስማሙበት የዶሩራ ሕግ አለ፦ ችግር የተከለከለውን ይፈቅዳል፤ የሚፈቀደውም በችግሩ ልክ ነው። ወንድ ሐኪም ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ያህል ያያል፣ ይነካል፤ ከዚያ አያልፍም።

ዲናችን ፊት መሸፈንን እንኳ በቦታና በጊዜ ለክቶ ነው ያስቀመጠው። ኢሕራም ላይ ያለች ሴት ኒቃብ አታደርግም። በሶላት አፍን መሸፈን የተጠላ ሆኖ ሳለ፣ በኮሮና ጊዜ ዑለማዎች ለችግሩ ሲሉ በማስክ መስገድን ፈቅደዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ የወረርሽኙን ዜና ሰምተው ሰርግ ከሚባለው ቦታ ሰዎቹን ይዘው መመለሳቸው ይታወቃል። ራስን መጠበቅ ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ቁርኣን የመርየምን (ዐ.ሰ) ምጥ ሲተርክ ሕመሙ ወደ ዘንባባ ግንድ እንዳስጠጋት፣ ሞትን እስከመመኘት እንዳደረሳት ይነግረናል። አላህ (ሱ.ወ) በዚያ ሰዓት የሰጣት አትዘኚ የሚል ማጽናኛ፣ የሚጠጣ ውሃና የሚበላ ተምር ነው። ምጥ ላይ ላለች ሴት የሚቀድመው ማቃለልና ማበርታት መሆኑን ከዚህ እንማራለን። በወሊድ ምክንያት የምትሞት ሴት ከሸሂዶች እንደምትቆጠር በሐዲስ መጥቷል። ይህ ክብር ግን እኛ መዳን የምትችለውን እናት በቸልታ እንድናጣት ፈቃድ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ለወገዳ ምን ይጠቅማል? የጤና ባለሙያዎች እናቶችን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ፦ ወደ ሕክምና ለመሄድ መወሰን፣ ተቋሙ ጋ መድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን እርዳታ ማግኘት። በስማዳ ገደላ ገደል፣ በአባይና በበሽሎ ተፋሰስ ለሚኖር ቤተሰብ ሁለተኛው ብቻውን ይበቃ ነበር። መንገዱ አምቡላንስ የማያስገባባቸው ቀበሌዎች እናቶችን በቃሬዛ ያመጣሉ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጋይንት ሲደርስ የነፋስ መውጫ ሆስፒታል ተዘርፏል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ የሌሊት ጉዞን ራሱን አስፈሪ አድርጎታል። ይህን ሁሉ አልፋ የመጣችን እናት በሩ ላይ ማስክ የለሽም ብሎ መመለስ ሦስቱን መዘግየቶች በአንድ ጊዜ መቆለል ነው። ማስክ ካስፈለገ ተቋሙ ይስጣት። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋማት ነፃ ነው ከተባለ፣ ይህም የነፃው አካል መሆን አለበት።

የመጀመሪያው መዘግየት ደግሞ ከክብር ጋር የተያያዘ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2019ኙ ጥናት ወደ 48 ከፍ ብሏል። የ2016ቱ ጥናት ከመቶ ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ አሳይቷል። በ2019ኙ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እናቶች እቤት የቀሩት ርቀቱን ፈርተው ብቻ አልነበረም። ገላዬን ማን ያየዋል፣ ማን ይጮህብኛል፣ እናቴን ከጎኔ ያስወጡብኝ ይሆን የሚለው ፍርሃትም አለ። አንዲት እናት ተዋርዳ ከተመለሰች ወሬው በመንደሩ ሁሉ ይዳረሳል፤ ቀጣዮቹ አምስት እናቶች የልምድ አዋላጅ ይጠራሉ። በአክብሮት ከተስተናገደችም እንዲሁ ወሬው ይዳረሳል። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ለወላድ ገንፎ ማገንፋት፣ ቡና ማፍላት የጀመሩት ይህን ተረድተው ነው።

እንግዲህ ከማን ምን ይጠበቃል? ከጤና ተቋማት፦ በወረርሽኝ ጊዜ ለማዋለጃ ክፍል የተለየ፣ በጽሑፍ የተቀመጠ አሠራር ይኑራቸው። ምጥ ላይ ያለች እናት በማስክ አትገደድ፤ አጃቢዋ ማስክ አድርጋ ትግባ፤ መጋረጃ ይኑር፤ ሴት አዋላጅ ካለች ለጠየቀች እናት ትቅደም። ከመስጂድ ኢማሞችና ከእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት የወረዳ መዋቅሮች፦ የዶሩራን ፊቅህ በጁሙዓ ኹጥባ ያስተምሩ። ወንድ ሐኪም ያያታል ብሎ ሚስቱን ደም እየፈሰሳት እቤት የሚያስቀር ባል ዲኑን ጠበቀ ሊባል አይችልም፤ ይህን ከሚንበር መስማት አለበት። ከባሎችና ከአማቶች፦ ውሳኔው ምጡ ከመምጣቱ በፊት ይወሰን። የመጓጓዣው ገንዘብ፣ አጃቢዋ፣ ንጹሕ ልብሱ፣ ሁለት ሦስት ማስክ በአንድ ከረጢት ይዘጋጅ። የእናቶች ማቆያ ካለ ቀኑ ሳይደርስ ትግባ።

በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ደጋግመን ያየነው ነገር አለ፦ ሰው ምክንያቱ ከተነገረው ይታዘዛል፤ ከተጮኸበት ግን ይሸሻል። አዋላጇ "እህቴ፣ ከንፈርሽን ማየት የፈለግኩት አየር እንዳያጥርሽ ነው" ብላ ብትነግራት ኒቃቧን የማትገልጥ እናት ጥቂት ናት። እናትየዋም "እህቴ፣ እስትንፋሴ አጠረኝ፣ ማስኩን ላውልቀው፤ አንቺ ግን ራስሽን ጠብቂ" ማለት ትችላለች። በደቡብ ጎንደር ማዋለጃ ክፍሎች አንዷ "ያ አላህ" እያለች፣ ሌላዋ "ማርያም ማርያም" እያለች ጎን ለጎን ያምጣሉ። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነው፦ በሰላም መገላገልና በሰው ፊት አለመዋረድ።

አላህ (ሱ.ወ) ምጥ ላይ ያሉትን እናቶች ሁሉ በሰላም ያገላግልልን፤ አዋላጆቻችንን ከበሽታ ይጠብቅልን፤ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።