ለአዲስ ስም ስንት ይከፈላል?

በአዲስ አበባ ቢሮዎች «ፋንታሲ» የተባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ የሚጫወቱ ወጣቶች በየዓመቱ የሚከራከሩበት ጥያቄ አለ። በምናብ ቡድናቸው የሚያሰልፉት ብዙ የተወራለትን ለጋ ተጫዋች ነው ወይስ ለዓመታት የተፈተነውን? በምርጫው የተሳሳተ ነጥብ ያጣል፤ ሌላ ጉዳት የለውም። በሮቤና በጎባ ዙሪያ ይኸው ጥያቄ የሚነሳው ስለ ስንዴ ዘር ነው። እዚያ የተሳሳተ የመሬት ኪራዩን፣ የትራክተሩንና የማዳበሪያውን ወጪ ያጣል።

ያለፈውን እናስታውስ። እንቆይ የተባለው ዝርያ በ1986 ዓ.ም. በግንድ ዋግ ተመታ። ከዚያ ኩብሳ በምርታማነቱ ተወዶ የባሌንና የአርሲን ማሳ ሸፈነ፤ እርሱንም በ2002/03 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ጣለው። ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን በ1997 ዓ.ም. በተለቀቀው ዲገሉ ላይ አረፈ። ቢጫ ዋግን ችሎ በማለፉ ዘሩ ተፈላጊ ሆነ። በ2006 ዓ.ም. መኸር ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በባሌ ታየና ዲገሉን መታው። ክፉኛ በተጠቁ ማሳዎች የሚታጨድ ነገር አልተገኘም። ተመራማሪዎችም ያን የዋግ ዓይነት «የዲገሉ ሬስ» እስከማለት ደረሱ።

ምክንያቱ ለገበያ ሰው እንግዳ አይደለም። ዲገሉ ከግንድ ዋግ የሚጠበቅበት አቅም በዋናነት በአንድ ዘረመል ላይ የቆመ ነበር። አንድ ዝርያ ሰፊ መሬት በሸፈነ ቁጥር ደግሞ ያን መከላከያ ያለፈ ዋግ የሚራባበት ሜዳ ይሰፋል። ስለዚህ ዝና ከዋጋው ጋር አደጋውንም ያሳድጋል። ደላላው «ሁሉም እየዘራው ነው» ሲል እንደ ዋስትና ያቀረበውን ገንዘብ የሚያወጣው ሰው እንደ ማስጠንቀቂያ ሊሰማው ይገባል።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ በአሮጌው ዘር መጽናትም አያዋጣም። ኩብሳ የወደቀው ለዓመታት ከተፈተነ በኋላ ነበር፤ በዚያው ወቅት ዲገሉን የዘራ ደግሞ ከጉዳቱ ተርፏል።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት አዲሱ ዘር በልክ ይግባ የሚል ነው። መቶ ሄክታር የተከራየ ባለሀብት በመጀመሪያው ዓመት ለአዲሱ ከሃያ እስከ ሠላሳ ሄክታር ቢሰጥና ቀሪውን በሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ዝርያዎች ቢከፋፍል ይበጀዋል። የዋግ መድኃኒት መግዣና ማስረጫ ገንዘብም ከመዘራቱ በፊት ለብቻው ይቀመጥ። ከመግዛቱ በፊት ደግሞ ይጠይቅ፦ ዘሩ በባሌ ምድር ስንት ወቅት ተፈተነ? ለቢጫውም ለግንዱም ዋግ ተፈትኗል? ማረጋገጫ ያለው ምርጥ ዘር ነው ወይስ ከእህል መጋዘን የወጣ? አካባቢውን ምን ያህል ሸፍኗል? መልሱን ከሻጩ ብቻ አይቀበል፤ የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ባሌ ውስጥ ነው፣ ሄዶ ይጠይቅ።

ለገበሬ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሰጥ ነጋዴም ከዚህ ሒሳብ ውጭ አይደለም። ደንበኞቹ ሁሉ አንድ ዘር ከዘሩ፣ ሰብሉ በተመታ ጊዜ ዕዳውም አብሮ ይቀራል።

እርግጥ ዝርያዎችን ለይቶ ማጨድና ማከማቸት ወጪ አለው። ያ ወጪ ግን አስቀድሞ ተሰልቶ በዋጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የ2006ቱ ዓይነት ኪሳራ የሚታወቀው ማሳው ከቀላ በኋላ ነው።