ጋፋትና የቀጥቃጩ ልጅ

ቅዳሜ ከስንት ዓመት በኋላ ጋፋት ወጣሁ። ልጅ ሆነን ከደብረ ታቦር በእግር እየሄድን፣ ግንድ በገመድ እየጎተትን "ሴባስቶፖል" እንጫወትበት የነበረ ቦታ ነው። ሁላችንም ቴዎድሮስ ካልሆንን እንል ነበር (ማን ጎታች መሆን ይፈልጋል!)።

ማታ ስንመለስ ግን የቀጥቃጩን ልጅ "ቡዳ" ብለን እንሸሸው ነበር።

አስቡት! 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ እዚሁ ሲሠራ ከአውሮፓውያኑ ጋር የለፉ የእኛ ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ ባለሙያ ይፈልጉ፣ ያከብሩ ነበር። እኛ በመድፉ እንኮራለን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን እንሰድባለን።

ተማሪዎቼ "ሴባስቶፖል የት ተሠራ?" ስላቸው ሁሉም ያውቃሉ። ያ ስድብ ግን ዛሬም በእረፍት ሰዓት ይሰማኛል። በእኔ እምነት ጋፋትን ስናስተምር ስለ ስድቡም በግልጽ መናገር አለብን። እኔ ሰኞ ክፍል ገብቼ ከራሴ እጀምራለሁ።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ይቅር በለኝ ወንድሜ።