ትንሿ አውሮፕላን ምን ታስተምረናለች?



ጥር ሲገባ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ሜዳው ይሰፋል። እህሉ ተነስቷል። ከብቱ በታጨደው ማሳ ላይ ይሰማራል። እረኞች ልጆችም እጃቸው አያርፍም። አንዱ ከሽቦ መኪና ይሠራል። ሌላው ከበቆሎ አገዳ አውሮፕላን ይሠራል። ክንፍ ያበጅላታል፣ ጭራ ይቀጥልላታል፣ ወደ ላይ ይወረውራታል። ትንሽ ሄዳ ትወድቃለች። ያነሳትና እንደገና ይወረውራታል።

በዚህ መሐል አባት ይደርሳል። «ከብቱ የሰው ሽምብራ ውስጥ ገብቷል፤ አንተ አገዳ ትቀጣጥላለህ!» ብሎ ይቆጣል። አገዳዋን ይቀማና ይሰብራታል።

የአባት ቁጣ ያለ ምክንያት አይደለም። ከብት የሰው ማሳ ከገባ ካሳ አለ፣ የጎረቤት ጠብም አለ። ልጁ ከብቱን መጠበቅ አለበት። ነገር ግን አገዳዋ መሰበር ነበረባት? ዛሬ ስለዚህ እንነጋገር።

ያለ ሰው የምትበር ትንሽ አውሮፕላን

በዓለም ላይ ብዙ ሰዎች ትንንሽ አውሮፕላን እየሠሩ ያበራሉ። ይህን የሚያደርጉት ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ሽማግሌዎችም አሉባቸው። ከሥራ በኋላ፣ በዕረፍት ቀን፣ ለደስታና ለዕውቀት ብለው ይሠሩታል።

የብዙዎቹ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ውስጧ ሰው አይገባም። የሚመራት ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ታዲያ ገመድ ሳይኖራት እንዴት ትታዘዘዋለች?

መልሱ በቤታችን አለ። ሬዲዮ ስንከፍት ከአዲስ አበባ የሚነገረውን እንሰማለን። ከአዲስ አበባ እስከ ቤታችን የተዘረጋ ገመድ የለም። እዚያ መላኪያ አለ፣ እዚህ መቀበያ አለ። ትንሿ አውሮፕላንም እንደዚሁ ናት። ሰውየው በእጁ የያዘው ትንሽ መላኪያ ነው። በአውሮፕላኗ ሆድ ውስጥ ያለው መቀበያ ነው። ሰውየው በመላኪያው ላይ ያለውን ዘንግ ወደ ግራ ሲገፋ፣ መቀበያው ትእዛዙን ይሰማል። ከዚያም አንዲት ትንሽ ሞተር በጭራዋ ላይ ያለችውን ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ታዞራለች። አውሮፕላኗም ወደ ግራ ትታጠፋለች። ከፊት የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ደግሞ ወደ ፊት ይጎትታታል። ኃይል የሚሰጣት ባትሪ ነው፤ በነዳጅ የሚሠሩም አሉ።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ጉድ የተባሉ መንታ ወንድማማቾች በ1929 ዓ.ም. በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ አውሮፕላን ሠርተው አብርረዋል።

ለምን አትወድቅም?

በጮቄ ተራራ ላይ አሞራ ሲያንዣብብ አይታችኋል። ክንፉን ዘርግቶ፣ ሳያርገበግብ፣ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። አየር ይሸከመዋል። አየር በዓይን አይታይም፤ ጉልበት ግን አለው። ጉልበቱን እኛ ገበሬዎች በደንብ እናውቃለን። በአውድማ ላይ ገለባውን ከፍሬው የሚለይልን እሱ ነው።

በአውቶቡስ ስንሄድ መዳፋችንን ከፊት ትንሽ ቀና አድርገን ለነፋሱ ብንሰጠው፣ ነፋሱ እጃችንን ወደ ላይ ይገፋዋል። ክንፍም የሚሠራው እንዲሁ ነው። አውሮፕላን ወደ ፊት ስትሄድ አየሩ ክንፏን ይመታል፤ ክንፏም አየሩን ወደ ታች ይመልሳል፤ እሷ ወደ ላይ ትነሳለች። ካልሄደች ግን አትነሳም።

እዚህ ላይ የአገራችን ደጋ አንድ ነገር ያስተምረናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። እንደዚህ ባለ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ብዙ አይሸከምም። ስለዚህ በእኛ ደጋ የምትበር አውሮፕላን ወይ ፈጠን ማለት፣ ወይ ክንፏ ሰፋ ማለት አለበት። ሠሪው ይህን ካላወቀ፣ በቆላ የበረረችው አውሮፕላን በደጋ ለምን እምቢ እንዳለች አይገባውም።

በአገራችንስ?

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውሮፕላን የመጣው በ1921 ዓ.ም. ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ አንዲት አውሮፕላን ተሠራች። መሐንዲሱ ሉድቪግ ዌበር የተባለ ጀርመናዊ ነበር። ስሟም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለ። በዚያው ዘመን ጣሊያን አገራችንን ወረረ። ፀሐይንም ወደ አገሩ ወሰዳት። ብዙ ዓመት በጣሊያን ሙዚየም ቆማ ኖረች። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ለኢትዮጵያ መለሳት።

ሁለተኛው ታሪክ የቅርብ ነው። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ ከልጅነቱ ጀምሮ አብራሪ መሆን ይመኝ ነበር። ለትምህርቱ ሲያመለክት «ቁመትህ በአንድ ሳንቲም ሜትር ያንሳል» ተባለ። እሱ ግን አልተቀመጠም። ስለ አውሮፕላን የተጻፉ መጻሕፍት አነበበ። በኢንተርኔት ላይ የሚታዩ ትምህርቶችን ተመለከተ። ከዚያም ሰው የሚቀመጥባት አውሮፕላን ራሱ ሠራ። ሞተሯ ከቮልስዋገን መኪና የተወሰደ ነው። ሥራው 570 ቀን ፈጀ። ስሟን «ኬ-570ኤ» አላት። «ኬ» የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ናት። ቁጥሩ የደከመበት ቀን ነው።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሊያበራት ሞከረ። የፕሮፔለሩ መያዣ ተሰበረና ሳትነሳ ቀረች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃኝ» ይል ነበር። አስመላሽ ግን ሥራውን አልተወም።

የተሰበረች መጫወቻ

የዓለምን የመጀመሪያ አውሮፕላን የሠሩት ራይት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። ልጆች ሳሉ፣ በ1871 ዓ.ም. ገደማ፣ አባታቸው አንዲት መጫወቻ ይዞላቸው መጣ። በተጠመዘዘ ላስቲክ ጉልበት የምትበር ነበረች። ልጆቹ ተጫወቱባት፤ ተሰበረች። ተሰብራ አልቀረችም፤ እሷን እያዩ ሌላ ሠሩ። አድገው ብስክሌት ጠጋኞች ሆኑ። መጻሕፍት እያነበቡ፣ ትንንሽ ክንፎች እየሞከሩ ቆዩ። በ1896 ዓ.ም. ሞተር ያላት አውሮፕላናቸው ሰው ይዛ ተነሳች። የመጀመሪያው በረራ 12 ሴኮንድ ቆየ፤ 36 ሜትር ያህል ሄደች። ይህ ከአንድ ማሳ ጫፍ እስከ ጫፍ አይሞላም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

እኛም ይህን ዘዴ እናውቀዋለን። አዲስ ዘር ያገኘ ብልህ ገበሬ ማሳውን ሁሉ አይዘራበትም። በአንድ ጥግ ይሞክረዋል። ባይሆን የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ ቢሆን ትርፉ ዕውቀት ነው። ትንሿ አውሮፕላንም የሙከራ ጥግ ናት። ብትሰበር ሰው አይሞትም፣ ሀብት አይወድምም። የምትሰብረው አገዳ ነው፤ የምታስተምረው ግን ብዙ ነው።

እንሞክር

ያለ ሞተርና ያለ ሬዲዮ የምትንሳፈፍ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከልጆቻችሁ ጋር ሥሩ።

1. ለአካሏ 50 ሳንቲም ሜትር የሚሆን ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ደረቅ ሸምበቆ ውሰዱ።

2. ለክንፏ ቀላል ካርቶን፣ ወይም ከቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚገኘውን ነጭ ፎም በስሱ ቁረጡ። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 10 ሳንቲም ሜትር ይሁን። ከመሐል በትንሹ አጥፉትና ሁለቱ ጫፎች ቀና ይበሉ።

3. ለጭራዋ ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 7 ሳንቲም ሜትር የሆነ ቁራጭ በአግድም እሰሩ። በላዩ 8 በ8 የሆነ ቁራጭ በቁም አቁሙ።

4. ክንፉን ከአካሏ ጫፍ 12 ሳንቲም ሜትር ገባ አድርጋችሁ እሰሩ። በክንፉ የፊት ጠርዝ ሥር አንድ የክብሪት እንጨት አስገቡ።

5. አሁን ሚዛኗን ለኩ። ከክንፉ የፊት ጠርዝ 3 ሳንቲም ሜትር ወደ ኋላ፣ በግራና በቀኝ፣ በሁለት ጣት ጫፍ አንሷት። ጭራዋ ካዘነበለ አፍንጫዋ ላይ ሰም ለጥፉ። ደልደል እስክትል ጨምሩ።

ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ ውጡ። ፊታችሁን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ በቀስታ፣ ቀጥታ ወደ ፊት ልቀቋት። ወደ ላይ አትወርውሯት። አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ከቆመችና ከወደቀች ሰም ጨምሩ። ቶሎ ወደ መሬት ከደፋች ሰም ቀንሱ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። የሆነውንም በደብተር ጻፉ። መጻፍ የተማርነው ለእንዲህ ያለው ነገር ጭምር ነው። የትናንቱን ያልጻፈ ሰው ዛሬም ያንኑ ስሕተት ይሠራል።

ጥንቃቄ

አንድ የሚከብድ ነገር እንናገር። በሰማይ የሚሰማ ቀጭን የሞተር ድምፅ በአካባቢያችን ሰው ልብ ውስጥ ፍርሃት አለው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት፣ ያለ አብራሪ የሚበሩ የጦር አውሮፕላኖች ሰው ገድለዋል። ሰው እንዲህ ያለውን ድምፅ ሰምቶ ቢሸሽ አይፈረድበትም። በርቀት የሚመራ በራሪ ነገርን ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ አገር ማስገባትና ማብረርም ክልክል ነው። ስለዚህ ሞተርና ሬዲዮ ያላት አውሮፕላን ያለ ፈቃድ አትነሳም። ሞተር የሌላትን የልጆች መጫወቻ እንኳ ስትለቁ ጎረቤት ይወቅ። በሰው ጓሮ፣ በከብት ላይ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብም አትልቀቁ።

ይህ ዕውቀቱን እንድንጠላው አያደርገንም። ቢላዋ ሥጋም ይቆርጣል፣ ሰውም ይጎዳል። ዕውቀት ለምን እንደሚውል የሚወስነው የያዘው ሰው ነው። ለዚህም ነው ልጆቻችን አውሮፕላንን በፍርሃት ብቻ እንዳያውቋት የምንፈልገው። በእጃቸው ሠርተዋት፣ በደስታ ይወቋት።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጁ ከብቱን ከረሳ ገሥጹት። አገዳዋን ግን አትስበሩበት። «ለምን ወደቀች?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ካላወቀ አብራችሁ ፈልጉ፣ አብራችሁም አንብቡ።

አዲስ ቃላት

መላኪያ — ድምፅን ወይም ትእዛዝን በሬዲዮ የሚልክ መሣሪያ።
መቀበያ — የተላከውን የሚቀበል መሣሪያ።
ፕሮፔለር — እየተሽከረከረ አውሮፕላንን የሚጎትት ወይም የሚገፋ ምላጭ።

በቡድን ተወያዩ

1. በደጋ የምትበር አውሮፕላን ክንፏ ለምን ሰፋ ማለት አለበት?
2. የአስመላሽ አውሮፕላን በመጀመሪያው ሙከራ ለምን አልተነሳችም? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
3. በማሳችሁ ጥግ በትንሹ የሞከራችሁት ነገር አለ? ምን አስተማራችሁ?

አንብበን እንወቅ፤ አውቀን እንሥራ። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ።