ከተክል የወጣው ፕሮቲንና በተክሉ የቀረው

«የፊዚክስ መምህር ስለ ፕሮቲን ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ ከአንባቢያን ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። ይሁን እንጂ ፕሮቲንን ከቅጠል፣ ከሥር ወይም ከዘር አውጥቶ ለምርመራ ማዘጋጀት በአመዛኙ የመስበር፣ የማቀዝቀዝ፣ የማሟሟትና በማሽከርከር የመለየት ሥራ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የሚያሳስበን ሥራው የሚሰጥበት መንገድ ነው። ተማሪዎች «ይህን ያህል ግራም ፍጭ፣ ይህን ያህል ሚሊ ሊትር ጨምር፣ አሽከርክር» የሚል ዝርዝር ይቀበላሉ፤ በመጨረሻ የሚያገኙትንም ቁጥር የተክሉ ጠባይ አድርገው ይመዘግቡታል። እኛ ግን ቁጥሩ የተክሉን ያህል የማውጫው ፈሳሽም ነው እንላለን።

ለዚህ ከገዛ ማዕዳችን የተሻለ ምስክር የለም። አሜሪካዊው ኬሚስት ቶማስ ኦስቦርን የዘር ፕሮቲኖችን በሚሟሙበት ፈሳሽ በአራት ከፍሏቸው ነበር፦ በውኃ የሚሟሙትን አልቡሚን፣ በጨው ውኃ የሚሟሙትን ግሎቡሊን፣ ውኃ በተቀላቀለበት አልኮል የሚሟሙትን ፕሮላሚን፣ በቀጭን አሲድ ወይም አልካሊ የሚሟሙትን ደግሞ ግሉተሊን አላቸው። አከፋፈሉ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያስቆጥርም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ስሞቹ የፕሮቲኖቹን አሠራር ሳይሆን የፈሳሾቹን ዓይነት የሚነግሩን መሆናቸው ነው።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጡ ጥናቶች የጤፍ ዋነኛ ፕሮቲኖች ግሉተሊንና አልቡሚን እንደሆኑ፣ ፕሮላሚኑ ግን አነስተኛ እንደሆነ ይገልጹ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ፣ በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ግን ፕሮላሚን የጤፍ ዋነኛ የክምችት ፕሮቲን ሆኖ አገኘው። ጤፉ አልተለወጠም። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙት ሌላ ዓይነት አልኮልና፣ ከእርሱ ጋር በፕሮቲኖች መካከል ያለውን የሰልፈር ድልድይ የሚሰብር ኬሚካል ነበር። በዚህ ድልድይ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ፕሮላሚኖች አልኮል ብቻውን ሲመጣባቸው ከዱቄቱ ንቅንቅ አይሉም፤ ቀጥሎ አልካሊ ሲጨመር ይወጡና «ግሉተሊን» በሚለው ዓምድ ሥር ይቆጠራሉ።

ይህ የስም ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሴሊያክ ሕመም የተያዘ ሰው «ጤፍ መብላት እችላለሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የስንዴው ግሊያዲን ከፕሮላሚኖች ወገን ስለሆነ «የጤፍ ፕሮላሚን ጥቂት ነው፤ አትስጋ» ማለት ደካማ መልስ ነው። ተገቢው መልስ በ2005 እ.ኤ.አ. እንደታተመው ጥናት፣ የጤፍ ፕሮቲኖች ሕመሙን የሚቀሰቅሱት የግሉተን ክፍሎች እንዳልተገኙባቸው ነው። እንዲህ ላለው ምርመራ ደግሞ ከዱቄቱ ያልወጣ ፕሮቲን እንዳልተመረመረ ይቆጠራል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ደረቅ ዘር ነው። ቅጠልና ሥር የባሰ ይቸግራሉ። የተክል ሴል በሴሉሎስ ግድግዳ የታጠረ ነው፤ በመካከሉም ቫኩዮል የሚባል፣ ፕሮቲን በታኝ ኢንዛይሞችንና ፊኖሎችን ያቆረ ከረጢት አለ። ግድግዳውን ስንሰብር ከረጢቱም ይፈነዳል። የተላጠ ድንች የሚጠቁርበት ምክንያትም ይኸው ነው፦ ፊኖሎቹ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዱና በፕሮቲኖቹ ላይ ይጣበቃሉ። ስለዚህ ፕሮቲኑን ነጻ የሚያወጣው ሥራ ራሱ ጠላቶቹንም ነጻ ያወጣል ማለት ነው። ከሴኮንድ ሴኮንድ የሚደረግ እሽቅድምድም ነው።

በመቀነስ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ፈሳሽ ናይትሮጅን በዚህ ሥራ የተወደደው ሁለት ጥቅም ስላለው ነው፤ ቅጠሉን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ያደርገዋል፣ ኢንዛይሞቹንም ያስቆማል። በውጭ አገር በተማርንበት ቤተ ሙከራ እንደ ቧንቧ ውኃ ይቀዳ ነበር። በአገራችን ብዙ ቤተ ሙከራዎች አይገኝም፤ «ናይትሮጅን ስለሌለን አንሠራም» የሚለው ምክንያት ግን አያሳምነንም። ሁለቱን ጥቅሞች ነጣጥሎ ያየ ተማሪ መላ አያጣም። ለመስበሩ ንጹሕ የኳርትዝ አሸዋና ቀድሞ የቀዘቀዘ ሙቀጫ አለ፤ ኢንዛይሞቹን ለማስቆም ደግሞ በማቀዝቀዣ የቆየ አሴቶን ውኃውን መጥጦ ፕሮቲኑን ያረጋዋል፣ ከፊኖሎቹም ብዙውን ያጥባል። እርግጥ በዚህ መንገድ የረጋ ፕሮቲን ሁሉ ተመልሶ አይሟሟም፤ ሥራውን የሚሠራ ሕያው ኢንዛይም ለሚፈልግ ሰውም አይመከርም።

እግረ መንገዳችንን አንድ የፊዚክስ ቅሬታ እናሰማ። በብዙ የሙከራ መመሪያዎች ላይ «በደቂቃ 13 ሺህ ዙር አሽከርክር» ተብሎ ይጻፋል። ራዲየሱ 8 ሳንቲሜትር በሆነ ሴንትሪፊዩጅ ይህ ፍጥነት የምድርን ስበት 15 ሺህ እጥፍ ያህል ይሰጣል፤ ራዲየሱ 5 ሳንቲሜትር በሆነው ግን 9,400 ገደማ ብቻ ነው። በአንዱ የሚዘቅጠው በሌላው ተንሳፍፎ ሊቀር ይችላል። ራዲየሱ ያልተገለጸ ዙር ትርጉም የለውም።

ሌላው ችግር የልኬቱ ነው። ዴንማርካዊው ዮሃን ኬልዳል በ1883 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ የሚለካው ናይትሮጅንን ሲሆን፣ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በ6.25 ተባዝቶ «ፕሮቲን» ይባላል። ይህ ዘዴ ማውጫ ፈሳሽ ስለማያስፈልገው ከላይ ያነሣነውን ችግር ያመልጣል፤ ነገር ግን ናይትሮጅኑ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። በጓያ ዘር ውስጥ የሚገኘውና ሰውን እግረ ሽባ የሚያደርገው መርዝ፣ ኦዳፕ፣ ናይትሮጅን ያለበት ነገር ግን ከፕሮቲን ውጪ የሆነ አሚኖ አሲድ ነው። መጠኑ ጥቂት ቢሆንም በኬልዳል ሂሳብ መርዙ ከምግቡ ጋር ተደምሮ ይገባል!

እንግዲህ ለመምህራን ባልደረቦቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የተማሪዎች ዘገባ ከወጣው ፕሮቲን ጎን በዝቃጩ ውስጥ የቀረውንም ናይትሮጅን ይመዝግብ፤ ዛሬ ዝቃጩ ሳይለካ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ልምምድም ከአንድ ጆንያ የተወሰደ የጤፍ ዱቄት ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ በአልኮል ብቻ፣ ሌላው በዚያው አልኮል ላይ ጥቂት መርካፕቶኢታኖል ተጨምሮበት ይውጣ። ተማሪው ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ የትኛው «የጤፍ ፕሮላሚን» እንደሆነ በጽሑፍ ይከራከር። ለዚህ ፈሳሽ ናይትሮጅን አያስፈልግም። መርካፕቶኢታኖል ግን መርዛማና ክፉ ሽታ ያለው ስለሆነ፣ ሥራው በጋዝ መሳቢያ ሥር ጓንት ተደርጎ መከናወን ይኖርበታል።