የኮምፒዩተርን ማራገቢያ ስለ መግራት

በካምፓላ ከተማ፣ በንሳምብያ ጉብታ ላይ፣ እናት ኬቪን የተባሉት መነኩሲትና ባልንጀሮቻቸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 የመሠረቱት የቅዱስ ፍራንሲስ ሆስፒታል ይገኛል። በዚህ ሰፈር ሌሊቱን ሕሙማንን ስትጠብቅ ያደረች ነርስ ቀን መተኛት ይገባታል። ይሁን እንጂ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ ልጆች በኮምፒዩተር የሚያጠኑ ከሆነ፣ የማራገቢያው ጩኸት እንቅልፍ ይነሣታል። ማራገቢያውን መንቀል ግን አይበጅም፤ መሣሪያው ከመጠን በላይ ሲግል በራሱ ይዘጋል፣ ያልተቀመጠውም ጽሑፍ ይጠፋል።

«ማራገቢያ» የተባለው ስም «አራገበ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በምድጃው አጠገብ ከሰል የሚያቀጣጥለው ስም እዚህ ሙቀት ማብረዱ ያስደንቃል።

አስቀድሞ ቀዩ አቧራ ይጠረግ፤ ጩኸቱ በዚሁ ሊቀንስ ይችላልና። ቀጥሎ ሽቦዎቹ ይቈጠሩ። 4 ከሆኑ ምንም መቍረጥ አያስፈልግም። አራተኛው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው፣ በሴኮንድ 25,000 ጊዜ ያህል በሚበራና በሚጠፋ ምልክት ትእዛዝ ይቀበላል፤ ፍጥነቱ በኮምፒዩተሩ በራሱ ማስተካከያ ይወሰናል።

ባለ 3 ሽቦ የሆነው ግን የሚገራው በቮልት ነው። መመለሻውንና የዙሩን ብዛት የሚናገረውን ሽቦ ሳንነካ፣ 12 ቮልት የሚያመጣውን ብቻ ቈርጠን ኤልኤም 317 የሚባለውን ባለ ሦስት እግር ቮልት ቀናሽ በመካከል እናገባለን። ከመውጫው እግር እስከ ማስተካከያው እግር 240 ኦም ሬዚስተር ይታሰራል፤ ከማስተካከያው እስከ መመለሻው ደግሞ 1,000 ኦም ቋሚና 1,000 ኦም ተለዋዋጭ ሬዚስተር በተከታታይ ይገባሉ። ቋሚውን እንደ ትርፍ ቈጥሮ የሚተወው አይጠፋም፤ እኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው እንላለን። እርሱ ከሌለ፣ ልጅ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ቢያዞረው ማራገቢያው ቀጥ ይላል። እርሱ ካለ ቮልቱ ከ6.5 ገደማ በታች አይወርድም።

ቀናሹ የቀነሰውን ኃይል ሙቀት አድርጎ ያወጣዋል። 0.2 አምፔር በሚወስድ ማራገቢያ ላይ 5.5 ቮልት ቢቀንስ 1.1 ዋት ይሆናልና፣ ትንሽ የብረት ክንፍ ይታሰርለት። የጀርባው ብረት ከመውጫው እግር ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ የኮምፒዩተሩን ሣጥን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያሻል።

አንዳንዶች ጥቁሩን ሽቦ ከ5 ቮልቱ መስመር ጋር አጋጥመው ማራገቢያውን በ7 ቮልት ያሠሩታል። ይህን አንወደውም፤ ያ መስመር ኃይል እንዲሰጥ እንጂ እንዲቀበል አልተሠራም፣ ማራገቢያውም ቢበላሽ 12ቱ ቮልት በ5 ቮልት የሚሠሩትን ዕቃዎች ሊያቃጥል ይችላል። የኃይል ሰጪውን ሣጥን መክፈትማ ጨርሶ አይገባም፤ ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቀርበት ይችላል። ሥራው ሁሉ መሣሪያው ጠፍቶና ተነቅሎ ይከናወን፤ የሚገራውም የሣጥኑ ማራገቢያ ብቻ ይሁን።

በዝግታ የሚዞር ማራገቢያ በዚያው ቮልት ከቆመበት ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ማዞሪያውን እስከ ታች አውርዳችሁ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ እንደገና አብሩት። ማራገቢያው ካልተነሣ ቋሚውን ሬዚስተር በ1,200 ኦም ለውጡት። ከተነሣም መሣሪያውን አንድ ሰዓት ያህል ከባድ ሥራ አሠርታችሁ የሙቀቱን ቍጥር ተመልከቱ፤ ነርሷም ትተኛ።