የሽንኩርት ገንዘብና ያገለገለው ፒክአፕ፦ አርሶ አደሩ ከመክፈሉ በፊት ምን ይመልከት?

የፎገራ ሜዳ አርሶ አደሮች ሩዛቸውን ሰብስበው በመስኖ ያለሙትን ሽንኩርት ለገበያ በሚያቀርቡበት ወቅት፣ በወረታና በአካባቢዋ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ከሁለትና ሦስት ዓመት ሽያጭ የተጠራቀመው ገንዘብ የቆርቆሮ ቤት ይሠራበት፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ይገዛበት ወይስ መኪና? የመኪናው ሐሳብ ያሸነፈ እንደሆነ የብዙዎች ዓይን የሚያርፈው ያገለገለ ፒክአፕ ላይ ነው። አዲሱ ከአቅም በላይ ነው፤ አይሱዙው የጭነት መኪና ደግሞ ሾፌርና ረዳት ቀጥሮ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ማግኘትን ይጠይቃል።

ያገለገለ ፒክአፕ መግዛት ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ከባድ ውሳኔ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ከውጭ ሲገቡ በዕድሜያቸው ልክ የሚጨምር ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አውቶሞቢል ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመለዋወጫ ዕቃ የሚገባው በዶላር ነውና ጎማውም፣ ፍሪሲዮኑም፣ የዘይት ማጣሪያውም ዋጋቸው አብሮ ተሰቀለ።

የእነዚህ ሦስት ውሳኔዎች ድምር ውጤት በገጠር ገበያ ላይ በግልጽ ይታያል። ለሽያጭ የሚቀርበው ፒክአፕ በአብዛኛው በአገር ውስጥ መንገድ ላይ ለዓመታት ሲሽከረከር የኖረ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። ዋጋው ስለማይወርድ ሻጭ አይቸኩልም፤ ገዥው ግን ነገ የባሰ ይወደዳል በሚል ስጋት ይቸኩላል። ጉዳት የሚደርሰውም በዚህ ችኮላ መሐል ነው።

በመጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው ስሌት የጭነት ስሌት ነው። አንድ ተራ ፒክአፕ በደኅና የሚሸከመው አንድ ቶን ገደማ፣ ማለትም አሥር ኩንታል ነው። በመስኖ በደንብ የተያዘ አንድ ሄክታር 200 ኩንታል ሽንኩርት ቢሰጥ፣ የአንድ ጥማድ ምርት ብቻ 50 ኩንታል ይሆናል። ይህን በፒክአፕ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ለማድረስ አምስት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል፤ በአንድ ጉዞ ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። አንድ አይሱዙ ያንኑ ጭነት በአንድ ወይም በሁለት ጉዞ ይጨርሰዋል። ስለዚህ መኪናው ምርት ለማጓጓዝ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ፣ በመኸር ሰሞን ከጎረቤት ጋር ተባብሮ አይሱዙ መከራየት የተሻለ ነው። ይህን ሐሳብ መኪና ለመግዛት የቆረጠ ሰው መስማት እንደማይወድ አይጠፋኝም።

ፒክአፕ ዋጋውን የሚመልሰው በሌላ ሥራ ነው። ሃያ ከረጢት ማዳበሪያ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ማሳ ድረስ ማድረስ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩን ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ማዛወር፣ ናፍጣና ዘር ማመላለስ፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ ማድረስ የፒክአፕ ሥራዎች ናቸው። የፎገራ አፈር ዋልካ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ርብና ጉማራ በሚሞሉበት ክረምት፣ ከአስፋልቱ የወጣ መኪና በአራቱም ጎማ ካልገፋ እዚያው ይቀራል። በዚህ አካባቢ አራት ጎማ ፍላጎት ሳይሆን ግዴታ ነው፤ መንገዱ ጠጠር በሆነበት ደጋ ግን ለእርሱ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ላያስፈልግ ይችላል።

የሞተሩ ምርጫ ብዙውን ጊዜ የሚከናወነው በዓመተ ምርት ነው፤ የቅርብ ዓመት የተሻለ ይመስላል። ለእርሻ ሥራ ግን ይህ ሁልጊዜ አይሠራም። የቆዩት የቶዮታ ሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች፣ ለምሳሌ 5ኤል የሚባለው፣ ቱርቦ የሌላቸውና በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩ ናቸው። ዳገት ላይ ይደክማሉ፤ ነገር ግን በወረዳ ከተማ ያለ ልምድ ያለው መካኒክ ፈትቶ ይገጥማቸዋል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የመጡትና በተለምዶ ቪጎ የሚባሉት ሞዴሎች የናፍጣ ሞተር ግን በአብዛኛው ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት በኤሌክትሮኒክ ኢንጀክተር የሚረጭ ነው። ጉልበት አላቸው፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ፤ ይሁን እንጂ ውኃ ወይም አቧራ የገባበትን ናፍጣ አይታገሡም። ናፍጣ ከማደያ ጠፍቶ በጄሪካን ከመንገድ ዳር በሚገዛበት አካባቢ አራት ኢንጀክተር መቀየር የአንድ ወቅት ሽንኩርት ትርፍ ሊበላ ይችላል። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ከሁሉም ይጠነክራል፤ ነዳጁና ዋጋው ግን የአነስተኛ አርሶ አደር አይደለም። አይሱዙ ዲማክስና ሚትሱቢሺ ኤል 200ም በየመንገዱ አሉ። ገዥው ስለ የትኛውም ሞዴል ሊጠይቅ የሚገባው፣ የዚህ መኪና መለዋወጫ በቅርቡ ከተማ ይገኛል ወይ፣ የሚጠግነውስ ማን ነው የሚለውን ነው። ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ገጠር ለጭነት ሥራ ገና ጊዜው አልደረሰም።

መኪናውን ለማየት የሚኬደው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ኮፈኑ ላይ እጅ ሲያኖሩ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ በሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። በቀዝቃዛ ሞተር ተነሥቶ ሰማያዊ ጭስ የሚለቅ ዘይት ይበላል፤ ነጭ ጭሱ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ወይም ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል እየወጣ ሊሆን ይችላል። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ዘይትና ውኃ ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ከዚያ በታች መግባት ያስፈልጋል። በኋላ ባሌስትራ መያዣ አካባቢ ቴላዮው የተበየደ ወይም የተሰነጠቀ እንደሆነ፣ ባሌስትራውም ተጨማሪ ቅጠል የተጨመረበት ከሆነ፣ መኪናው ለዓመታት ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ኖሯል። ቀለም ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ ብየዳን ግን በጣት ዳስሶ ማግኘት ይቻላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር ቢያሳይም የፍሬን መርገጫው ጎማ ካለቀና መሪው ከተላጠ ቆጣሪው ተነክቷል። አራት ጎማውን አስገብቶ መሞከርም አይቀርም፤ ይህ የሚሞከረው ግን በአፈር መንገድ ላይ እንጂ በደረቅ አስፋልት ላይ በመታጠፍ አይደለም። መካኒኩ ገዥው ራሱ ያመጣው ይሁን፤ ደላላው የሚያመጣው መካኒክ ምስክርነቱ ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ገጠሩን ይበልጥ እየጎዳ ያለው ግን ከብረቱ ይልቅ ወረቀቱ ነው። አንድ አጎቴ ከወንድሙ ጋር አዋጥቶ ጥሩ ሃይሉክስ ገዛ። ሻጩ የመኪናው ባለቤት አልነበረም፤ ባለቤቱ የሰጠውን ውክልና ይዞ ነበር። የስም ዝውውሩ ግብር ያስወጣል፣ ቀስ ብለን እናደርገዋለን ተባለ። ዝውውሩ ሳይፈጸም ባለቤቱ አረፉ። ውክልና በመርሕ ደረጃ ከሰጪው ሞት ጋር ይቀራል፤ ወራሾቹም መኪናው የአባታችን ነው ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ሞተሩ አንድም ቀን ያላስቸገረ መኪና በወረቀት ቆመ።

ስለዚህ ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ፣ በሊብሬው ላይ የሰፈሩት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች መኪናው ላይ ከተመቱት ጋር አንድ መሆናቸው ይታይ። ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል። መኪናው ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ አይተላለፍም፤ ከባለሀብትና ከእርዳታ ድርጅት የሚመጡ ፒክአፖች ላይ ይህ በተለይ ይጠየቅ። ያገባ ሻጭ የትዳር አጋሩን ስምምነት ያምጣ። ውሉ በመንደር ሽማግሌ ፊት ሳይሆን ሰነድ ለማረጋገጥ ሥልጣን ባለው ጽሕፈት ቤት ይፈረም፤ ሽማግሌዎቹ ቢገኙ አይከፋም።

ድርጅቶችና መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጨረታ የሚሸጧቸው ፒክአፖች ከደላላ ገበያ ይልቅ አንድ ብልጫ አላቸው፤ የጥገና መዝገባቸው ሊገኝ ይችላል። በአንጻሩ የሚሸጡት ባሉበት ሁኔታ ነው፤ ከተከፈለ በኋላ የሚሰማ አቤቱታ የለም። ሲፒኦ ከማስያዝ በፊት በተፈቀደው የመመልከቻ ቀን መካኒክ ይዞ መገኘት የተጫራቹ ፋንታ ነው።

ወንድማማቾች ወይም ጎረቤቶች አዋጥተው ሲገዙ ሊብሬው በአንዱ ስም ብቻ ይወጣና የሌሎቹ ድርሻ በቃል ይቀራል። ድርሻውን፣ የነዳጁን፣ የጥገናውንና የመሸጫውን ነገር በጽሑፍ ማስፈር በመካከላቸው እምነት ማጣት ተደርጎ መታየት የለበትም። በተጨማሪም የግል የሆነውን ኮድ 2 መኪና በክፍያ የሰው ጭነት ማመላለሻ ማድረግ በትራፊክ ቅጣትና በአደጋ ጊዜ በመድን ካሳ ላይ ችግር ያመጣል። ኪራይ የታሰበ ከሆነ ከመጀመሪያው ኮድ 3 መፈለግ ነው። ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ሌላውን እንጂ የገዥውን መኪና እንደማይክስም ይታወቅ።

ከያዘው ገንዘብ ሁሉንም ለሻጭ የሚቆጥር ሰው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወር ጎማ መቀየሪያ ያጣል። ከስድስት አንዱን እጅ ለጎማ፣ ለባትሪ፣ ለዘይትና ለስም ዝውውር ማስቀረት፣ ካልበቃም ዝቅ ያለ መኪና መፈለግ ይመረጣል።

የአጎቴ ሃይሉክስ እስካሁን ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል። ችሎቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀጥሯል። ዘንድሮ ሽንኩርቱን ያወጣው ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በተከራየው አይሱዙ ነው።